የመርጫ ዕቃ እጣቢና ማርከሻው የጭድ ጕድጓድ



የጤፉ ወይም የስንዴው ማሳ የአረም መድኃኒት ተረጭቶ አለቀ እንበል። ገበሬው ደክሞታል፤ ቀኑም መሽቷል። የመርጫውን ዕቃ ከጀርባው አውርዶ በቅርብ ወደሚገኘው ወንዝ ይወርድና በወራጁ ውኃ ያጥበዋል፤ እጣቢውንም እዚያው ይደፋዋል። ውኃው ይዞት ሲሄድ ስላየ የጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን እጣቢው ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከታች ከብቱን የሚያጠጣ ጎረቤት አለ። ከእርሱም ዝቅ ብሎ ቃሪያና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ሌላ ሰው አለ። ከዚያም በታች ለልጆቿ የመጠጥ ውኃ የምትቀዳ እናት አለች።

እንግዲህ እጣቢው ወደ ወንዝ እንዳይደፋ ከተባለ የት ይደፋ? ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። መልሱም ባጭሩ ይህ ነው፦ እጣቢውን በጭድ፣ በአፈርና በብስባሽ በተሞላ ጕድጓድ ላይ አፍሱት፤ በዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች መርዙን ቀስ በቀስ በልተው ያረክሱታል።

የጉዳቱ መጠን

በአገራችን በእህል ማሳ ውስጥ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዱ ቱ ፎር ዲ ነው። በዕቃው ላይ 720 ግራም በሊትር የሚል ጽሑፍ ካለ፣ በ1 ሊትር ውስጥ 720 ግራም ዋናው መርዝ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ግርጌ የቀረ 10 ሚሊሊትር፣ ይኸውም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ 7.2 ግራም መርዝ ይይዛል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ባወጣው መመሪያ በ1 ሊትር ውስጥ ያለው ቱ ፎር ዲ ከ0.03 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሒሳቡን አስሉት። ያ ሁለት የሻይ ማንኪያ መድኃኒት 240,000 ሊትር ውኃ ከዚህ ወሰን ላይ ለማድረስ ይበቃል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲቈጠር 12,000 ጀሪካን ነው። በቸልታ የተደፋ ጥቂት ነገር ምን ያህል ውኃ እንደሚያበላሽ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጉዳቱ በመጠጥ ውኃ ብቻ አይቆምም። ቱ ፎር ዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን ተክል ሁሉ የሚያጠቃ ስለሆነ ለቲማቲምና ለቃሪያ፣ ለባቄላና ለጥጥ ጠላት ነው። በተለይ ቲማቲም ጥቂቱ እንኳ ሲደርሰው ቅጠሉ ይጠመዘዛል። የነፍሳት መድኃኒት እጣቢ ደግሞ ዓሣንና ንብን ይገድላል።

መርዙን የሚበሉት እነማን ናቸው?

በሬ ጭድ በልቶ ይጠግባል። ነገር ግን ጭዱን የሚያልምለት የራሱ ሆድ ብቻ አይደለም፤ በሆዱ ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ፍጥረቶች ናቸው። ሊጥንም የሚያቦካው በእርሾው ውስጥ ያለው የእነዚህ ዘመድ ነው። በለም አፈር ውስጥ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ብዙ ዓይነት ይገኛል። የወደቀውን ቅጠል፣ የሞተውን ሥር፣ የከብቱን ፍግ እያፈረሱ ወደ አፈርነት የሚመልሱት እነርሱ ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ መሬቱ በድንና ገለባ ተከምሮበት በቀረ ነበር።

ከእነዚህ መካከል ሰው በፋብሪካ የሠራውን መርዝ ለምግብነት የሚጠቀሙበት አሉ። ቱ ፎር ዲን የሚበላ ባክቴሪያ መጀመሪያ የመርዙን ጅራት ይቈርጣል፤ ቀጥሎም ቀለበት የመሰለውን ዋና አካሉን ይከፍታል፤ በውስጡ ያለውንም ክሎሪን ያላቅቃል። በመጨረሻ የሚቀረው ውኃ፣ እኛ ስንተነፍስ የምናወጣው ዓይነት አየርና ጥቂት ጨው ነው። መርዙ ተደበቀ ማለት አይደለም፤ ፈርሶ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ባክቴሪያ በወንዝ ውስጥ የለምን? የሚል ጠያቂ ይኖራል። አለ፤ ነገር ግን ሥራው ጊዜ ይፈልጋል። በለምና እርጥብ አፈር ውስጥ ቱ ፎር ዲ በግማሽ የሚቀንሰው በ10 ቀን ገደማ ነው። ወንዙ ግን እጣቢውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎረቤት ዘንድ ያደርሰዋል። ስለዚህ መርዙን በአንድ ቦታ አቁሞ፣ የሚበሉትን በብዛት አሰባስቦ፣ የሚበቃቸውን ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። የጭድ ጕድጓድ ጥቅሙ ይኸው ነው።

የእርሾው ምሥጢር

ቤት እመቤት ሊጥ ስታቦካ ካለፈው የተረፈውን እርሾ ትጨምራለች። ያለ እርሾ የተቦካ ሊጥ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ እርሾ ያለው ግን ቶሎ ይደርሳል። የውኃ ቆሻሻን በባክቴሪያ የማጥራት ጥበብም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አርደርንና ሎኬት የሚባሉ ሁለት ሰዎች የከተማ ቆሻሻ ውኃ በዕቃ አድርገው አየር ነፉበት። መጀመሪያ ውኃው ፈጽሞ እስኪጠራ ድረስ 5 ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያም የጠራውን ውኃ ብቻ ቀድተው የረጋውን አተላ ሳይጥሉ በላዩ አዲስ ቆሻሻ ውኃ ጨመሩበት። እንዲህ እየደጋገሙ ሲሄዱ 5 ሳምንት የፈጀው ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ሆነ። አተላው ባክቴሪያ የተከማቸበት እርሾ ነበረና ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ከተሞችና ፋብሪካዎች ቆሻሻ ውኃቸውን የሚያጠሩት በዚህ ዘዴ ነው።

የአፈርም ነገር እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አውደስ የተባለ እንግሊዛዊ የዕፀዋት ሊቅ ቱ ፎር ዲ የተበጠበጠበትን ውኃ በአፈር ውስጥ እየደጋገመ አሳለፈ። በመጀመሪያው ጊዜ መርዙ ለብዙ ቀን ሳይነካ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ጠፋ። በዚያው አፈር ላይ እንደገና ሲጨመርበት ግን ሳይዘገይ ወዲያው መጥፋት ጀመረ። አፈሩ እርሾ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ይህን ዕውቀት ወደ ገበሬው ግቢ ያመጡት ስዊድኖች ናቸው። ስዊድን ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አገር አይደለችም፤ በ1967 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የተባለው፣ በስዊድን እርዳታ የተሠራ ነበር። በዚያች አገር መርዝ ወደ ውኃ ከሚገባባቸው መንገዶች ዋነኛው፣ መርጫ በሚሞላበትና በሚታጠብበት ቦታ የሚንጠባጠበውና የሚደፋው መሆኑ ታወቀ። በዚህ ምክንያት በ1993 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያው የጭድ ጕድጓድ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛመተ፤ በላቲን አሜሪካም በጓቴማላ ተሞክሯል።

አሠራሩ

ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር በገበሬው ግቢ የማይታጣ ነው።

1ኛ. ቦታ ምረጡ። ከመጠጥ ውኃ ጕድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 50 ሜትር፣ ከወንዝና ከመስኖ ቦይ ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ቢርቅ የተሻለ ነው። ጎርፍ የሚያልፍበትና ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም።

2ኛ. ጕድጓድ ቈፍሩ። ለአንድ ወይም ለሁለት መርጫ ወርዱም ርዝመቱም 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ሴንቲሜትር ቢሆን ለመጀመር ይበቃል።

3ኛ. ግርጌውን ድፈኑ። ሸክላ አፈር በውኃ አቡክታችሁ 10 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ግርጌው ላይ ጠቅጥቁ፤ ጎኑንም በዚያው ጭቃ ምረጉ። ጭቃው ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ጕድጓዱን ሳትውሉ ሳታድሩ ሙሉት። ያልተቀደደ ወፍራም ላስቲክ ካገኛችሁ ከጭቃው በላይ ብታነጥፉት መርዙ ወደ ታች እንዳይሰርግ ይበልጥ ይከላከላል።

4ኛ. ድብልቁን አዘጋጁ። በተመሳሳይ ቅርጫት እየሰፈራችሁ 2 ቅርጫት ጭድ፣ 1 ቅርጫት ከማሳ የተወሰደ የላይ አፈር፣ 1 ቅርጫት በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሉ። የስንዴ፣ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ሁሉም ይሆናል፤ ረጅም ከሆነ ግን ይቈራረጥ። ስዊድኖች በብስባሹ ምትክ ከረግረግ የሚቈፈር ጥቍር አፈር ይጠቀማሉ፤ ያ በሌለበት አገር ግን ብስባሽ ይተካዋል። አፈሩን ስትወስዱ ከዚህ በፊት ያው የአረም መድኃኒት ተረጭቶበት ከሚያውቅ ማሳ ውሰዱ፤ ቀደም ሲል እንደተነገረው እንዲህ ያለው አፈር እርሾ አለው።

5ኛ. ድብልቁን አርጥባችሁ ከምሩትና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ። በግንቦት መጀመሪያ የተከመረ ለሐምሌ ርጭት ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በጭዱ ላይ ነጭ ሻጋታ ብታዩ አትደንግጡ። በበሰበሰ ግንድ ላይ የሚታየው ዓይነት ነጭ ሻጋታ የጭዱን ጠንካራ ክፍል የሚያፈርስ ሲሆን፣ በዚያው ኀይሉ ብዙ ዓይነት መርዝም ያፈርሳል። ስለዚህ የባክቴሪያዎቹ የሥራ ጓደኛ ነው። ዩሪያ ወይም ትኩስ ፍግ ግን አትጨምሩ፤ ይህ ሻጋታ እነርሱ በበዙበት ሥራውን ይቀንሳልና።

6ኛ. ድብልቁን ጕድጓዱ ውስጥ ሙሉ፤ ኋላ ስለሚሰምጥ ከአፉ ትንሽ ከፍ ይበል። በላዩ ሰርዶ ከነሥሩ እየነቀላችሁ ትከሉ። ሣሩ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ በአንድ በኩል ተቃጥሎ ከታየም በዚያ ላይ ብዙ መርዝ እንደፈሰሰ ይጠቁማል።

7ኛ. ጣራ አልብሱት፤ ዙሪያውንም በአፈር ከፍ አድርጋችሁ ክተሩት። የአረም መድኃኒት የሚረጨው በክረምት ስለሆነ ጣራ የሌለው ጕድጓድ በዝናብ ይሞላና መርዙ ሞልቶ ይፈሳል። ልጆችና ከብቶችም እንዳይደርሱበት እጠሩት።

አጠቃቀሙ

ከሁሉ በፊት የሚታጠበው ነገር እንዲያንስ አድርጉ። የመድኃኒቱ ዕቃ ባዶ ሲሆን ሩቡን ያህል ንጹሕ ውኃ ጨምሩበት፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ለግማሽ ደቂቃ ናጡት፤ እጣቢውን ወደ መርጫው ገልብጡ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉና በማሳው ላይ ርጩት። ገንዘብ የወጣበት መድኃኒት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ማሳው ላይ ቢውል ትርፉ የእናንተው ነው። ባዶውን ዕቃ ግን ቀዳችሁ አበላሹት። ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላም ሆነ ለሌላ ነገር መያዣ ከቶ አይሁን።

ከዚህ የተረፈውንና መርጫው የታጠበበትን ውኃ ወደ ጭድ ጕድጓዱ ውሰዱት። በአንድ ቦታ አትገልብጡት፤ በላዩ ሁሉ እየበተናችሁ አፍስሱት። መድኃኒት የምትበጠብጡትና መርጫ የምትሞሉትም በጕድጓዱ አጠገብ ቢሆን የሚንጠባጠበው እዚያው ይቀራል።

ባክቴሪያ እንደ ሰው አየርም ውኃም ይፈልጋል። ስለዚህ የእርጥበቱን ልክ ጠብቁ። ጓንት አድርጋችሁ ከድብልቁ አንድ እፍኝ ጨብጡ። ውኃ ከተንጠባጠበ በጣም ረጥቧል፤ አየር ያጣሉና ውኃ መጨመር ይቁም። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደግሞ ደርቋል፤ ንጹሕ ውኃ ርጩበት። ተጨብጦ ከቆየ ልኩ ነው።

ጭዱ ራሱ እየተበላ ስለሚሄድ በየዓመቱ ከርጭት ወራት በፊት በዚያው መጠን የተደባለቀ አዲስ ጨምሩ። አሮጌውን ሁሉ አውጥታችሁ አትጣሉ፤ እርሾው በእርሱ ውስጥ ነው። በስዊድን ድብልቁ በሙሉ የሚለወጠው ከ5 እስከ 8 ዓመት ሲያገለግል ነው። በሞቃት አገር ጭድ ቶሎ ስለሚበሰብስ ከዚያ ሊያጥር ይችላል። የወጣው ድብልቅ ተሸፍኖ አንድ ዓመት ይቆይና ከዚያ በኋላ በእህል ማሳ ይበተን፤ በአትክልት መደብ ላይ ግን አይደረግ።

የጭድ ጕድጓድ የማይችለው ነገር

እርሾ በፈላ ውኃ እንደሚሞት ሁሉ ባክቴሪያም ከዐቅሙ በላይ ሲጫንበት ይሞታል። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ።

ያልተበረዘ መድኃኒት በጕድጓዱ ውስጥ አይደፋ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ካለ በዕቃው እንዳለ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትም ይነገር። እንዲህ ያለው ነገር የሚወገደው እጅግ ኀይለኛ ሙቀት ባለው ልዩ ምድጃ ነው።

መዳብ ያለበት የበሽታ መድኃኒት በባክቴሪያ አይጠፋም። መዳብ ማዕድን ነው፤ ማዕድን አይበሰብስም፤ እየተጠራቀመ ሄዶም ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይገድላል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ልክ በልክ ተለክቶ ይበጥበጥ፤ እጣቢውም በዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ተበትኖ ይለቅ። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም የሚባለው ማዕድንም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያ መልኩን ሊለውጥና የመርዝነቱን ኀይል ሊያበርድ ይችል ይሆናል እንጂ ከነጭራሹ አያጠፋውም። በፋብሪካ ግርጌ የምታርሱ ሰዎች ይህን ዕወቁ፤ በባክቴሪያ ጠርቷል የተባለ ውኃ ሁሉ ከማዕድን ነጽቷል ማለት አይደለም።

ሁሉም መርዝ እኩል አይፈርስም። ቱ ፎር ዲ በቀናትና በሳምንታት ሲቀንስ ዲዲቲ ግን በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። በረኪናም በጕድጓዱ ላይ አታፍስሱ፤ ሠራተኞቻችሁን ይገድላቸዋል።

ለልማት ሠራተኞች

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ያምናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጕድጓድ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ግቢ ውስጥ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ ጕድጓድ ማስቈፈር ባይቻል ማሳቸው የተቀራረበ ጎረቤታሞች አንድ ጕድጓድ በጋራ ይሥሩ፤ የተጠቃሚው ቍጥር ሲበዛ ስፋቱም ይጨምር። ማን በምን ቀን ምን ዓይነት መድኃኒት እንዳጠበ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ይህ ደብተር ጕድጓዱ ሲጫንበት ለማወቅና ድብልቁን የምትለውጡበትን ጊዜ ለመወሰን ይረዳችኋል።

አዲስ ጕድጓድ በሚሠራበት ጊዜም ከአሮጌው አንድ ቅርጫት ወስዳችሁ ቀላቅሉበት። ጎረቤት ከጎረቤት እርሾ እንደሚዋዋስ ማለት ነው። ከርጭት በፊት በሚደረገው ስብሰባም ሴቶች እንዲገኙ አድርጉ። ውኃ የምትቀዳው እናት ወንዙ ለምን መጠበቅ እንዳለበት ካወቀች ከማንም ይልቅ እርሷ ትቈጣጠራለች።

ማጠቃለያ

ገበሬዎች ሆይ፤ ጭዱ ከአውድማችሁ፣ አፈሩ ከማሳችሁ፣ ብስባሹም ከግቢያችሁ ይገኛል። መርዙን የሚበሉት ሠራተኞች ደሞዝ አይጠይቁም፤ የሚሹት ጥላ፣ ልከኛ እርጥበትና ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ክረምት መርጫችሁን ይዛችሁ ወደ ወንዝ ለመውረድ ስትነሡ፣ ከላይኛው መንደርም እንዲሁ መርጫውን ይዞ የሚወርድ ሰው መኖሩን አስቡ። እርሱ የደፋውን እናንተ ትጠጣላችሁ፤ እናንተ የደፋችሁትንም ከበታቻችሁ ያለው ይጠጣዋል። ስለዚህ እናንተ ጕድጓዱን ቈፍሩና ጀምሩ፤ የላይኛውንም ሰው ጠርታችሁ አሳዩት።